የሊጥ ሸሚዝ

ኑግዛር ዳቦ ተወ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣
ጎመኑን፣ ቦሎቄውን፣ ወይኑንም ጨምሮ።
ሥጋ ብቻ፣ ጨውና ውሃ፤ ሌላው ሁሉ ቀረ፣
ሐኪም አላዘዘው፤ ከአንድ ጎረቤት ነው የተማረ።
ቤት ውስጥ ግድ የለኝም፤ ሁለት ድስት እጥዳለሁ፣
የእሱን በግራ፣ የእኔን በቀኝ አማስላለሁ።
ችግሩ ከቤት ስንወጣ ነው።
ምግብ ቤት ውስጥ ሰው
የሚበላውን ሳይሆን የማይበላውን ነው የሚያስረዳው።

አርባ አንደኛ ዓመታችን ሁዳዴ ላይ ዋለ።
ስንጋባ፣ በዚያ ዘመን፣ ጾም የሚባል የት አለ?
ፊርማ ነበር፣ ማኅተም፣ ሁለት ምስክር፣
የምታዛጋ ጸሐፊ፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ወንበር።
አሁን እኔ ጿሚ ነኝ፣ እሱ ሥጋ በል፤
አንድ ጠረጴዛ ይህን እንዴት ይሸከማል?

ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣
ላማራ የምታስተናግድበት ቤት አለ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተጠቅልሎ።
በሩ ላይ ወረቀት፦ «የጾም ምግብ አለን»።
እንጉዳይ፣ ድንች፣ ቦሎቄ። ገባን፤ አንድ ጥግ ሰጠችን።
«ምን ላምጣ?» ኑግዛር ጉሮሮውን ጠረገ፣
እንዳላጠና ተማሪ ዓይኑን መሬት አደረገ።
«የጥጃ ጎድን፣ በከሰል። ድንች አይኑርበት።
ሽንኩርት አይነስነስበት። ሮማን አይፍሰስበት።
ለጌጥ እንኳ ቅጠል እንዳይጣልበት።
አምስት ሂንካሊም፤ የምፈልገው ሥጋውን ነው።»
«ሊጡስ?»
«እተወዋለሁ።»
ላማራ ብዕሯን አቆመች፤ ከጎናችን የነበሩት ቄስ
ማንኪያቸውን አወረዱ፣ ቀስ።
እኔ የጨው ዕቃውን ከዚህ ወደዚያ አነሣሁ፣
«ታሞ ነው» ልል አፌን ከፍቼ፣ መዝጋቱን ረሳሁ።

ሳህኖቹ የመጡት በሌላ ልጅ ነው፣ በማያውቀን፤
ሥጋውን ለእኔ፣ ሎቢያኒውን ለእሱ አስቀምጦ ሄደብን።
እኔ ፊት ጎድን ይጨሳል! የቄሱ ቅንድብ ወደ ላይ፤
ፈጥነን ተለዋወጥን፣ እንደ ሌባ፣ እንደ አታላይ።

ኑግዛር ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት፤
የኩታይሲ ሙሽሮች ግማሹ በእሱ መርፌ ነው የተዳሩት።
ጣቶቹ ሲደርቁ፣ ክሩ ከመርፌው ዓይን ሲያመልጥ፣
ሸሚዙን እኔ ቆለፍኩለት፤ እሱ ግድግዳው ላይ ሲያፈጥጥ።
ሥጋው ነው ያዳነኝ ይላል። ሙቀቱ ነው እላለሁ።
አንከራከርም። ጣቶቹን አያለሁ።

ሂንካሊ ሌላ ሰው ነክሶ መረቁን ይመጣል፤
ኑግዛር ግን በሹካ ጫፍ ስፌቱን ይፈታል።
አሥራ ዘጠኙ እጥፋት፣ አንድም ሳይቀደድ፣
ሥጋው ይወጣል፤ ሊጡ ሳህኑ ዳር ይነጠፋል፣ ካውያ እንደሚጠብቅ ጨርቅ፣ በልምድ።
አምስት የሊጥ ሸሚዝ። እጅጌ የሌላቸው፣ እርጥብ፣ ባዶ።

ያኔ ወጥ ቤቷ ወጣች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት፤
ላማራ ነግራት መሆን አለበት።
«ጨው በዛ? ወፈረ? ምን ጎደለው ሊጤ?»
ኑግዛር ብድግ አለ፤ «ቁጭ በል» አልኩት በድንጋጤ።
«እመቤቴ፣ ሰፊ ነኝ። እንዲህ ያለ ስፌት
ከእጄም አልወጣ። መብላት ባልችል፣ ፈትቼ አነበብኩት።»
ሴትዮዋ ሳህኑን አየች። እኔን አየች። ሳቀች።
አንዱን ሊጥ በሁለት ጣት አንሥታ ብርሃን ላይ ያዘች።
ቄሱም አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።
ከዚያ ሁሉ ነገር ቀለለን ብዬ አልዋሽም፤
ሂሳቡ ውድ ነበር፣ ላማራም ለተረፈው ሊጥ አልቀነሰችም።

ልንነሣ ስንል ከሎቢያኒዬ ጥግ ቆረሰ።
ልቤ ቆመ። አፍንጫው ሥር ይዞ በረጅሙ ማገው፣ ሳህኔ ላይ መለሰ።
ያቺን ቁራሽ በላኋት።

ውጭ የወንዙ ነፋስ ነበር። ካፖርቴን ጨብጬ ስሄድ
«ቁሚ» አለኝ።
ከታች ጀመረ። አንድ። ሁለት።
ሦስተኛው ላይ ታገለ፤ አልረዳሁትም።
አራት።
አምስተኛው ቁልፍ ከወደቀ ቆይቷል። ጣቱ የተበጠሰውን ክር ነካ፣
«ነገ» አለ፣
«መርፌውን የት ነበር ያኖርሽው?»